በማሸጊያው ላይ ያለው 8ኬ እና በገመዱ ውስጥ ያለው መዳብ

አሮጌውን ቴሌቪዥኔን በባለ 4ኬ ስቀይር ትልቁን ወጪ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። አዲሱ ቴሌቪዥን በሴኮንድ 120 ጊዜ ምስል ማደስ ይችላል፤ ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለው አርቲኤክስ 4070 ግራፊክስ ካርድም ይህንኑ ያህል ምስል የመላክ አቅም አለው፤ ፕሌይስቴሽን 5ም አጠገቡ ተቀምጧል። የቀረኝ ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ እስከ ቴሌቪዥኑ የሚዘረጋ ገመድ ብቻ ነበር። መገናኛ አካባቢ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጎራ ብዬ፣ ማሸጊያው ላይ «8ኬ»፣ «48 ጊጋቢት» እና «2.1» የሚሉ ጽሑፎች በወርቃማ ቀለም የታተሙባቸው ሁለት ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ የሚያስተላልፉ) ኬብሎች ገዛሁ፤ አንዱ ባለ አምስት ሜትር፣ ሌላው ባለ ሁለት ሜትር። ለረጅሙ 2,400 ብር ከፈልኩ። ሻጩ፣ «ወንድሜ፣ የመጨረሻው ነው፤ ከዚህ በላይ የለም» ብሎ በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ።

በመጀመሪያው ምሽት ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። በ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 60 ጊዜ ምስል ሲታደስ፣ የዊንዶውስ ገጽ ጥርት ብሎ መጣ፤ ፊልም አየሁበት፤ ድምፁም አልተቆራረጠም። ወደ 120 ኸርዝ ከፍ አድርጌ የመኪና ውድድር ጌም ስከፍት ግን ስክሪኑ ለሁለት ሴኮንድ ያህል ጨልሞ ተመለሰ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደገመው። ኤችዲአር የሚባለውን፣ የብርሃኑንና የቀለሙን ስፋት የሚጨምረውን አሠራር ሳበራ ደግሞ ጭራሽ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ። የአዲስ አበባ ሰው ነኝና መጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራቱን ነበር። ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱን ጠረጠርኩና ሶፍትዌሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ጠረጠርኩና ዋስትናውን ፍለጋ መሳቢያ ለመሳቢያ ዞርኩ። ገመዱን የጠረጠርኩት ሁሉንም ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም «ገመድ ያው ገመድ ነው» የሚለው ሐሳብ ውስጤ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ወራት አምስት ዓይነት ገመዶችን፣ ከአንዱ በስተቀር በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዚያው ኮምፒውተርና በዚያው ፕሌይስቴሽን ላይ ፈትሻለሁ። የምጽፈው ያንን ነው።

ነገሩ ሲጀመር የስሌት ጉዳይ ነው። የ4ኬ ስክሪን ወደ ጎን 3,840፣ ወደ ታች 2,160 ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 8,294,400 ፒክስል ይሆናል። እያንዳንዱ ፒክስል በተለመደው የቀለም ደረጃ 24 ቢት፣ በኤችዲአር ደግሞ 30 ቢት ይወስዳል። በሴኮንድ 60 ጊዜ በ24 ቢት ሲላክ ወደ 12 ጊጋቢት (12 ቢሊዮን ቢት) ይጠጋል፤ በሴኮንድ 120 ጊዜ በ30 ቢት ሲላክ ግን ወደ 30 ጊጋቢት ያድጋል። ይህ የምስሉ የተጣራ ክብደት ብቻ ነው። በአንዱ ምስልና በሚቀጥለው መካከል የሚተወው ክፍተትና መረጃው ለጉዞ ሲጠቀለል የሚጨመርበት ትርፍ ቢት ሲታሰብ፣ በኤችዲኤምአይ መስመር ላይ በእውነት የሚጓዘው 40 ጊጋቢት ገደማ ነው። ስለዚህ ፊልም ያለ ችግር ያሳየኝ ገመድ ጌም ላይ የወደቀው ጌሙ ከብዶት ሳይሆን፣ ከ60 ወደ 120 ስሻገር ሸክሙ እጥፍ፣ ኤችዲአር ሲበራ ደግሞ ከእጥፍ በላይ ስለሆነበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤችዲኤምአይ 2.0 በሴኮንድ 18 ጊጋቢት ያስተላልፍ ነበር፤ በ2017 የወጣው 2.1 ደግሞ 48 ጊጋቢት። ልዩነቱ በፍጥነት ብቻ የመጣ አይደለም። በገመዱ ውስጥ ምስሉን የሚመለከቱ አራት ጥንድ ሽቦዎች አሉ። በቀድሞው አሠራር ሦስቱ ጥንዶች ምስሉን ሲሸከሙ አራተኛው የጊዜ ምት ብቻ ያደርስ ነበር፤ ሦስት ወዛደሮች ሲያወርዱ አንዱ ቆሞ እንደሚቆጥር ዓይነት። በአዲሱ አሠራር ቆጣሪውም ሸክም ያዘ፤ አራቱም ጥንዶች እያንዳንዳቸው እስከ 12 ጊጋቢት ይሸከማሉ። አራተኛውን ጥንድ ቸል ብሎ የተሠራ ገመድ በ60 ኸርዝ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ 120 ሲመጣ ግን ጉዱ ይወጣል።

የስህተቱ መልክም ተቀይሯል፤ ይህን ማወቁ ብዙ ልፋት ይቀንሳል። በቀድሞው አሠራር ደካማ ገመድ በስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም የሚሉ ነጫጭ ነጠብጣቦችን ያሳይ ስለነበር ጥፋተኛው ወዲያው ይታወቅ ነበር። አዲሱ አሠራር ግን በመንገድ የተበላሹ ቢቶችን መልሶ የሚያርም ስሌት ስላለው፣ ማረም እስከቻለ ድረስ ምስሉ እንከን የለሽ ሆኖ ይታያል፤ ከአቅሙ ሲያልፍ ደግሞ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጨልማል። የኔ ቴሌቪዥን ያደረገው ይህንኑ ነው። ከዚህ የባሰው ዝም ብሎ የሚሸነፈው ገመድ ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ገመዱ ሲሰካ በከፍተኛው ፍጥነት ይሞክሩታል፤ ካልቻለ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳሉ፤ ባለቤቱም በ60 ኸርዝ እየተጫወተ 120 እንደሆነ ያስባል። ስንት ሰው በዚህ መልኩ ለከፈለበት ስክሪን ግማሹን ብቻ እየተጠቀመ እንደሆነ ሳስብ ይከነክነኛል።

ገመዱን ልመልስ ስሄድ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» ተባልኩ። እንግዲያው ምን እንደ ገዛሁ ልየው ብዬ አምስት ሜትሩን በምላጭ ሰነጠቅኩት። ከላይ ያለው የናይለን ጥልፍ ያማረ ነበር፤ የእጅ ሥራ ይመስላል። ከጥልፉ በታች ወፍራም ለስላሳ ፕላስቲክ አለ፤ እጅ ላይ ሲያዝ ጠንካራ እንዲመስል ያደረገው እሱ ነው። ከፕላስቲኩ ሥር ያገኘሁት የአልሙኒየም ልባስ በአንድ በኩል ተከፍቶ ቀርቷል። የመዳብ ሽቦዎቹ ቅጥነት ጥፍሬ ላይ ሳስቀምጣቸው ፀጉር ይመስላሉ። ጥንዶቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ልባስ ተጠቅልለው መሄድ ሲገባቸው፣ ወደ መሰኪያው ሲቃረቡ ልባሱ ተልጦ ሽቦዎቹ ጣት የሚያህል ርዝመት እርቃናቸውን ቀርተዋል። የብረት መሰኪያውን ከልባሱ ጋር ያገናኘው አንዲት የተጠመዘዘች ቀጭን ሽቦ ነች። በዚህ ፍጥነት ሲኬድ አንዱ ጥንድ የሌላውን ወሬ የሚሰማው፣ ከውጭ ያለው የዋይፋይ ሞገድም የሚገባው በእንደዚህ ያለው ቦታ ነው። ከገዛሁት ውፍረት አብዛኛው ፕላስቲክ ነበር።

ታዲያ ገዢ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ምላጭ ማውጣት ስለማይችል በምን ይለይ? መልሱ በማሸጊያው ላይ በትልቁ ከተጻፈው ሳይሆን በትንሹ ከተለጠፈው ነው። «2.1» የሚለው ቁጥር የመሣሪያ እንጂ የገመድ ስም አይደለም፤ የኤችዲኤምአይን ፈቃድ የሚያስተዳድረው አካል ገመዶችን የሚጠራቸው በደረጃ ስም ነው። ለ18 ጊጋቢት የተፈተሸው «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ»፣ ለ48 ጊጋቢት የተፈተሸው «አልትራ ሃይ ስፒድ» ይባላል። ባለ 48ቱ ይህን ስም በማሸጊያው ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ በገመዱ ቆዳ ላይ አትሞ መምጣት አለበት፤ በማሸጊያው ላይ ደግሞ ሆሎግራምና ኪውአር ኮድ ያለበት ተለጣፊ ይኖረዋል። ለዚሁ በተሠራው የስልክ መተግበሪያ ኮዱ ሲነበብ የአምራቹ ስም፣ የሞዴሉ ቁጥርና የተፈተሸው ርዝመት ይመጣል። ርዝመቱን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለ አንድ ሜትሩ ፈተናውን ማለፉ ለባለ አምስት ሜትሩ ምስክር ስለማይሆን፣ በስልኩ ላይ የሚታየው ርዝመት በእጅ ከተያዘው ጋር ካልተስማማ ተለጣፊው ከሌላ ቦታ መጥቷል ማለት ነው። የኔ ገመድ ተለጣፊ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ «8ኬ» የሚለውን ቃል ግን አራት ቦታ ላይ ቆጥሬበታለሁ። ይህን ቃል ማንም ማተሚያ ቤት ያትመዋል።

ሁለተኛው ገመዴ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ በሻንጣዋ ያመጣችልኝ ነው፤ ማረጋገጫ ያለው ባለ ሦስት ሜትር አልትራ ሃይ ስፒድ። የምርቱን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ገመድ የሠራልኝ በስሙ ሳይሆን በተለጣፊው ነው፤ ያው ማረጋገጫ ያለው ሌላ ስም ብትገዙም ልዩነቱን አታዩትም። መልኩ ተራ ነው፤ ጥልፍ የለውም፤ ጥቁር ጎማ ብቻ ነው። እሱን ለመጠቀም ጠረጴዛዬን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ ወደ ቴሌቪዥኑ ማስጠጋት ነበረብኝ፤ ባለቤቴ የሳሎኑ ቅርጽ ተበላሸ ብላ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ነገር ግን በ4ኬ፣ በ120 ኸርዝ፣ በ30 ቢት ቀለም ኤችዲአር በርቶ ለተከታታይ ሳምንታት ስጫወት ስክሪኑ አንድ ጊዜ እንኳ አልጨለመም። ለእሱ የወጣው 18 ዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ባለው ተመን እንኳ ቢሰላ መገናኛ ከከፈልኩት ብዙም አይርቅም። ውዱ ዕቃ የሚሠራ፣ ርካሹ የማይሠራ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልገረመኝ፤ ያበሳጨኝ ሁለቱም አንድ ዋጋ መሆናቸው ነው።

ፕሌይስቴሽን 5 ላለው ሰው ደግሞ የምሥራች አለኝ፤ ምናልባት ምንም መግዛት አያስፈልገውም። ከማሽኑ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው አጭር ገመድ አልትራ ሃይ ስፒድ ነው፤ የኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም እንዲሁ። በፈተሽኳቸው ገመዶች ውስጥ ሦስተኛው እሱ ሲሆን፣ በነፃ የመጣ ሆኖ ሳለ የአክስቴ ልጅ ካመጣችው ገመድ ጋር በእኩል ደረጃ ሠርቷል። እኛ አገር ያለው ችግር ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ያገለገለ ሆኖ መገዛቱና ኦሪጅናሉ ገመድ በመንገድ ላይ መለወጡ ነው። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 5 ስትገዙ ጆይስቲኩን እንደምትፈትሹት ሁሉ ገመዱ ቆዳ ላይ ያለውንም ጽሑፍ አንብቡ።

ስለ ፕሌይስቴሽን 5 አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ገመዱን የሚወቅስበት ጉዳይ ነውና። ማሽኑ ራሱ የሚልከው ቢበዛ 32 ጊጋቢት ነው፤ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 40 ይልካል። ቀደም ብዬ እንዳልኩት በ4ኬ፣ በ120 ኸርዝ፣ በ30 ቢት ሙሉ ቀለም ለመላክ 40 ገደማ ስለሚያስፈልግ፣ ፕሌይስቴሽኑ ከቀለሙ መረጃ የተወሰነውን ቀንሶ ይልካል። በሴቲንግ ውስጥ የቪዲዮ ውጤት መረጃ የሚለውን ገጽ የከፈተ ሰው «ዋይዩቪ 422» የሚል ጽሑፍ ያገኛል፤ ገመድ ቢለውጥም አይጠፋም። ከሶፋ ላይ ሆኖ ጌም ለሚጫወት ሰው ልዩነቱ በዓይን የሚያዝ አይደለም። በቅርብ ርቀት ጽሑፍ የሚነበብበት የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ግን ያስታውቃል፤ ባለ ቀለም ፊደላት ጠርዛቸው ይደበዝዛል፤ ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ከሆነ ሙሉ ቀለም እየተላከ መሆኑን በግራፊክስ ካርዱ ሴቲንግ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ገመዱ ደህና ሆኖ 120 እምቢ ሲል ቀጥሎ የሚታየው የቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። አራት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካላቸው ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ 4ኬን በ120 ኸርዝ የሚቀበሉት በሁለቱ ብቻ ነው፤ የትኞቹ እንደሆኑ አብዛኛውን ጊዜ በቀዳዳው አጠገብ በትንሹ ተጽፏል። በአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ ከሁለቱ አንዱ የድምፅ ማጉያውም ቀዳዳ ስለሆነ ሳውንድባር ያለው ሰው ፕሌይስቴሽንና ኮምፒውተር ሁለቱንም በሙሉ ፍጥነት ማገናኘት አይችልም። ትክክለኛው ቀዳዳ ላይ ተሰክቶም ቢሆን በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ለዚያ ቀዳዳ ሰፊውን የሲግናል ዓይነት ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሳምሰንግ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ» ይለዋል፣ ኤልጂ «ዲፕ ከለር» የሚል ቃል ይጠቀማል፣ ሶኒ «ኢንሃንስድ ፎርማት» ይለዋል። እኔ ራሴ ሁለተኛው ገመድ በመጣ ቀን ይህን ማብራት ረስቼ ለግማሽ ሰዓት ያህል የአክስቴን ልጅ ሳማ ነበር።

ጠረጴዛውን ማስጠጋት ለማይችል ሰውስ? መዳብ በዚህ ፍጥነት ረጅም መንገድ አይወድም። ማረጋገጫ ያላቸውን የመዳብ ገመዶች በብዛት የማገኛቸው እስከ ሦስት ሜትር ነው፤ ባለ አምስት ሜትር ማረጋገጫ ያለው ቢገኝም ወፍራምና ግትር ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን በውስጡ የመስታወት ክር ያለው፣ ምስሉን በብርሃን የሚልከው ኦፕቲካል ኬብል የተሻለ ምርጫ ነው። አንድ ጓደኛዬ ፕሮጀክተሩን ከአሥር ሜትር ርቀት ያገናኘበት አለው፤ ለአንድ ሳምንት ተውሼ ሞክሬዋለሁ፤ አራተኛው ገመድ እሱ ነው። እንደ ልብስ መስቀያ ገመድ የቀጠነና የሚተጣጠፍ ሆኖ ሳለ ያለ እንከን ሠርቷል። ሁለት ጠባይ ግን አለው። አንደኛ አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ጫፍ ላይ ምንጭ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ማሳያ ተብሎ ተጽፏል፤ ተገልብጦ ከተሰካ ምንም ምስል አይመጣም፤ ይህን ያወቅነው ግድግዳውን ፈልፍለን ቀብረን ከጨረስን በኋላ ነው። ሁለተኛ በሹል ማዕዘን ከታጠፈ መስታወቱ ይሰበራል፤ የተሰበረ ደግሞ አይቀጠልም። ለክፍሉ ርዝመት ሲባል ካልሆነ በስተቀር አልመክረውም።

አምስተኛው ገመድ ዲስፕሌይፖርት የሚባለው፣ ኮምፒውተርን ከሞኒተር የሚያገናኝ ሌላ ዓይነት መሰኪያ ያለው ነው፤ የጠረጴዛ ሞኒተር ላይ የሚጫወት ሰው የሚያገኘው እሱን ነው። ለብቻው ባለ 27 ኢንች፣ 4ኬ፣ 144 ኸርዝ ሞኒተር ላይ ፈትሼዋለሁ። እዚህ ላይ ስሌቱ ግራ ያጋባል። በ144 ኸርዝ በ30 ቢት የሚላከው የተጣራ ምስል ከ35 ጊጋቢት በላይ ነው፤ በኔ ግራፊክስ ካርድ ላይ ያለው ዲስፕሌይፖርት 1.4 ደግሞ ለምስል የሚተርፈው 25.92 ጊጋቢት ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት ይሠራል? ካርዱ ምስሉን ከመላኩ በፊት ዲኤስሲ በሚባል ስልት ይጨምቀዋል፤ ሞኒተሩ ሲቀበል ይዘረጋዋል። እስከ ሦስት እጅ ሊጨምቅ የሚችል ነው፤ እኔ ያልተጨመቀውንና የተጨመቀውን ጎን ለጎን አድርጌ ለመለየት ሞክሬ አልቻልኩም። ስለዚህ «1.4 ስለሆነ 144 አይሠራም» የሚለውን የሱቅ ወሬ አትስሙ። ከአርቲኤክስ 50 ተከታታይ ጀምሮ ካርዶቹ እስከ 80 ጊጋቢት የሚደርሰውን ዲስፕሌይፖርት 2.1 ይዘው መጥተዋል፤ ያንን ሙሉ በሙሉ ለመጠቀም «ዲፒ80» የሚል ማረጋገጫ ያለው ገመድ ያስፈልጋል፤ በመዳብ ሲሠራ ደግሞ አጭር ነው፤ አንድ ሜትር አካባቢ። ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛ ሥር ለሚያስቀምጥ ሰው አንድ ሜትር ምን ያህል እንደሚጨንቅ መለካት ብቻ ይበቃል።

የዲስፕሌይፖርት ርካሽ ገመድ ያለበት ነውር ከኤችዲኤምአዩ የተለየ ነው። መሰኪያው ሃያ ፒን አለው፤ ሃያኛው 3.3 ቮልት የሚወጣበት የኃይል ፒን ነው። በሕጉ መሠረት ሞኒተርን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ተራ ገመድ ይህን ፒን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማገናኘት የለበትም፤ ደንታ ቢስ አምራቾች ግን ያገናኙታል። ያኔ ከሞኒተሩ የሚወጣው ኃይል ወደ ግራፊክስ ካርዱ በተቃራኒ ይገባል። አንድ ያልተፈተሸ ገመድ በተሰካበት ሳምንት ኮምፒውተሬ ተዘግቶም የአንዲት መብራት ጭላንጭል አልጠፋ አለኝ፤ ጠዋት ስከፍተው ደግሞ ገመዱን ካልነቀልኩ በስተቀር አይነሳም። ቴክኒሻን ጠርቼ ፓወር ሰፕላይ ለውጥ ሊለኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሞኒተሩ ካርቶን ውስጥ አብሮ የመጣውን ገመድ ስመልስበት ሁሉም ቆመ። ስለዚህ ለሞኒተር ምክሬ አጭር ነው፤ አብሮት የመጣውን ተጠቀሙ።

የወርቅ ቅብ፣ «ከኦክስጅን የጸዳ መዳብ»፣ በኬብሉ መካከል ያለች የተንጠለጠለች እብጠት፣ ሌላም ሌላም ቀለሙን ያደምቃል ለሚላችሁ ሰው ፈገግ በሉለት። ወርቁ መሰኪያው እንዳይዝግ ያግዛል፤ ከዚያ ያለፈ የለውም። የሚጓዘው ዜሮና አንድ ስለሆነ ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም፤ ጥቁሩን ይበልጥ ጥቁር፣ ቀዩን ይበልጥ ቀይ የሚያደርግ ገመድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ስለ ወጣው ኤችዲኤምአይ 2.2 እና «አልትራ96» ስለሚባለው ባለ 96 ጊጋቢት ገመዱም የሚጠይቁኝ አሉ፤ ዛሬ ቤታችሁ ያለው ማሽንና ቴሌቪዥን ያንን ስለማይጠቀሙበት ገንዘቡን ለጌም አውሉት።

አንድ የሰፈራችን የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ይህን ሁሉ ስነግረው የስድስቱንም ቴሌቪዥኖች ገመድ ሊለውጥ ተነሳ፤ እንዲተው የለመንኩት እኔው ነኝ። ቴሌቪዥኖቹ 1080 ናቸው፤ ልጆቹ የሚጫወቱት ኳስ ነው፤ 1080 በ60 ኸርዝ በቀድሞው ኤችዲኤምአይ መስመር ላይ ከ4.5 ጊጋቢት አይበልጥም፤ ማንኛውም ያልተበላሸ ገመድ ይሸከመዋል። እሱ ሊጨነቅበት የሚገባው ሌላ ነው። ኤችዲኤምአይ እንደ ዲስፕሌይፖርት መቆለፊያ የለውም፤ ጎል ሲገባ ልጆቹ ዘለው ጆይስቲኩ ሲጎተት ማሽኑ አብሮ ይንሸራተታል፤ ገመዱ ተወጥሮ የማሽኑን ቀዳዳ ያጣምመዋል። ገመዱን ከጠረጴዛው እግር ጋር በላላ ዙር ማሰር ከሁሉም በላይ ይጠቅመዋል። በግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ቴሌቪዥንም ይኸው ነው፤ ግትሩን ገመድ ወደ ጎን በሚወጣው ቀዳዳ ሰክቶ ክብደቱን በሌላ ነገር ማስደገፍ ይሻላል።

ሌላው የቤታችን ጣጣ የመሬት መስመር (ኧርዝ) የሌለው ሶኬት ነው። የኮምፒውተሩን ብረት ስንነካ እጃችንን ውርር የሚያደርገን ቤት ውስጥ፣ ያ የሚወርረን ኤሌክትሪክ ሁለቱ መሣሪያዎች እንደበሩ ገመዱ በሚሰካባት ቅጽበት በኤችዲኤምአዩ በኩል መንገድ ያገኛል። ጠጋኞች ቀዳዳው ሳይጣመም የተቃጠሉ ማሽኖች እንደሚመጡላቸው ይናገራሉ። ከመሰካት በፊት ሁለቱንም አጥፍቶ ከሶኬት መንቀል ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ልማድ ነው፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እየነቃቀልን እየሰካን ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል።

አሁን ሳሎኔ ውስጥ ያለው አሰላለፍ ይህን ይመስላል። ከሜሪላንድ የመጣው ጥቁር ገመድ በኮምፒውተሩና በቴሌቪዥኑ መካከል ነው፤ በካርቶን የመጣው ፕሌይስቴሽኑ ላይ ነው፤ የሞኒተሩ ገመድ ሞኒተሩ ላይ ነው፤ ኦፕቲካሉን ለባለቤቱ መልሻለሁ። ከመገናኛ የገዛሁት አምስት ሜትር በምላጭ ተሰንጥቆ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ «8ኬ» የሚለው የወርቅ ጽሑፍ ግን ገና አልለቀቀም። ወንድሙ ባለ ሁለት ሜትሩ የዲሽ ሪሲቨሩን ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ እናቴ ክፍል ውስጥ ዜናና ድራማ ያሳያል፤ አንድም ቀን ጨልሞባት አያውቅም።